ለምዱና ለባሹ

ያረጀ የበግ ለምድና የአብራሪ ጃኬት ከቅጂው እንዴት ይለያል?

በአገራችን ቋንቋ አንድን ሰው «ለምድ ለባሽ» ያልነው እንደሆነ የምንጠረጥረው ሰውዬውን እንጂ ለምዱን አይደለም። ለምዱ እውነተኛ የበግ ለምድ ነው፤ ሐሰቱ ያለው ከውስጥ ነው። በዚህ ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ለባሹ ቅን ሆኖ ሳለ ለምዱ ሐሰተኛ የሚሆንበት ጊዜ ደርሶአል። ይህንን ለመጻፍ ያነሣሣኝም በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

አምና እኔና ጥቂት የአገሬ ልጆች ለባህል ምሽት የሚሆን ለምድ ለመግዛት ገንዘብ አዋጣን። ሻጩ «የቅድመ አያት ዕቃ ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል» ስላለን ሳንከራከር የጠየቀውን ከፈልነው። ለምዱ ጠቁሮአል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ጫፉም ተበልቶአል። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ብለን ነበር። ለዕረፍት ወደ ኒሯቅ ስወርድ ይዤው ሄድሁና ለአጎቴ አሳየኋቸው። አጎቴ ዛሬ የሚኖሩት በኒሯቅ ቢሆንም፣ ተወልደው በግ ሲጠብቁ ያደጉት በደጋው፣ በጋዝጊብላ በኩል ነው። ለምዱን ገልብጠው አዩት፤ በአንገቱ በኩል በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም አጥፈው መለሱልኝና፣

«ልጄ፣ ይህ በሰው ትከሻ ላይ ውሎ አያውቅም» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምድ እንደ ሰው ነው። የሚያረጀው በሠራበት በኩል ነው። ይኸኛው ግን ሁሉ ቦታው እኩል አርጅቶአል።»

ከዚህ በታች የምጽፈው ትምህርት በሙሉ ከዚህ ቃል የወጣ ነው።

ነገሩም የለምድ ብቻ አይደለም። በየመኝታ ቤታችን የበግ ጠጉር ኮሌታ ያለውን «የፓይለት ጃኬት» ከሰልባጅ ተራ ገዝቶ «ኦርጅናል ነው፤ የጦርነቱ ጊዜ ነው» የሚል ጓደኛ አይታጣም። ሌላው ደግሞ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይስቅበታል። ሁለቱም ምክንያታቸውን ቢጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱን የበግ ልብሶች፣ ማለት የደጋውን ለምድና የአብራሪውን ጃኬት፣ ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመረምር አንዱ ለሌላው ብርሃን ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

፩. ደበሎ፣ ለምድና የክብር ለምድ

መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ለማን፣ ለምን ሥራ ተሠራ?» ብሎ ነው። የአንድ ልብስ ስልት ከሥራው ይወለዳልና።

ደበሎ ማለት ጠጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ሌጦ ነው። እረኛው ብርድ ይከላከልበታል፤ የቆሎ ተማሪው ቀን ይለብሰዋል፣ ሌሊት ይተኛበታል። ቁርጡ ቀላል ነው፤ የበጉ ቅርጽ እንኳ አልጠፋበትም። ለምድ ግን በልክ ተቆርጦ የተሰፋ፣ በትከሻ ላይ ተጥሎ በአንገት የሚታሰር ልብስ ነው። የክብር ለምድ የተባለው ደግሞ ለጀግናና ለመኳንንት የሚሰጠው ነው፤ ከአንበሳ ቆዳ ወይም ከከፋይ ተሠርቶ በወርቅና በብር ክር ያጌጣል፤ ከጫፉም እንደ እንስሳ እግር ሆነው የሚንጠለጠሉ ቁራጮች አሉት።

ለገበያ የሚሠራው ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እነዚህን ሦስቱን ሲያደባልቅ ነው። የእረኛውን ሻካራ ሌጦ ወስዶ የመኳንንቱን ጌጥ ይሰፋበታል። ለዐይን ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን «ይህን የለበሰው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለባሹ ከየትኛውም ወገን አይገኝም። እረኛው ወርቁን ከየት ያመጣዋል? ባላባቱስ ሻካራውን ለምን ይለብሳል?

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቦታ ነው። ኒሯቅ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። አበርገሌ ሞቃት አገር ስለሆነ የሚታወቀው በበጉ ሳይሆን በፍየሉ ነው፤ «የአበርገሌ ፍየል» ተብሎ በእንስሳት ሊቃውንት ዘንድ ራሱን የቻለ ዝርያ እስከ መሆን ደርሶአል። የበግ ለምድ የሚያስፈልገው በደጋው ነው። ሊቃውንቱም «ሰቆጣ» ብለው የሚጠሩት፣ ጅራቱ አጭርና ስብ ያለው የበግ ዝርያ አለ። እንግዲህ አንድ ሻጭ «ይህ የኒሯቅ የጥንት የበግ ለምድ ነው» ያለን እንደሆነ፣ ነገሩ የማይሆን ነው ባንልም፣ ማብራሪያ መጠየቅ ይገባናል። ሰው ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ልብሱንም ይዞ ይወርዳል። ታሪኩን የሚያውቅ ባለቤት «አባቴ ከዳህና ይዞት መጣ» ይላል። የማያውቅ ሻጭ ግን የቦታውን ስም የሚጠቅሰው ዋጋ ለመጨመር ብቻ ነው።

፪. የአብራሪው ጃኬት

አሁን ደግሞ ወደ ጃኬቱ እንለፍ። እርሱም እንደ ለምዱ ከብርድ የተወለደ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ጊዜ አብዛኛው አውሮፕላን እንደ ዛሬው ተዘግቶ የሚሞቅ አልነበረም። ከፍ ብሎ በሚበርበት ጊዜ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርስ ነበር። በዚህ ብርድ ውስጥ ለሰዓታት የሚቀመጥ ሰው ሊለብሰው የሚችል፣ ከበግ ጠጉር የተሻለ ነገር በዚያን ጊዜ አልተገኘም።

ሌዝሊ ኧርቪን የተባለው አሜሪካዊ የጃንጥላ ዘላይና የፓራሹት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር፣ በሌችዎርዝ ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም በስሙ የሚጠራውን የበግ ቆዳ ጃኬት አወጣ። የእንግሊዝ አየር ኀይል አብራሪዎች በጦርነቱ ጊዜ የለበሱት ይህንኑ ነው። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ1934 «ቢ-3» የተባለውን የበግ ቆዳ ጃኬት ለአየር ኀይላቸው መረጡ። የሁለቱም ጠጉር ወደ ውስጥ፣ ሥጋ የነበረበት ወገን ወደ ውጭ ነው። የተሻለ ልብስ ሲገኝ ግን ነገሩ ተለወጠ። አሜሪካኖቹ በ1943 ገደማ ከውስጡ ጠጉር ያለው የጨርቅ ጃኬት ማደል ጀመሩ፤ በኋላም የአውሮፕላኑ ውስጥ ራሱ የሚሞቅ ሆነ። የበግ ቆዳው ጃኬት የሥራ ልብስ መሆኑ ቀርቶ የጌጥ ልብስ ሆነ፤ ቅጂውም ከዚህ በኋላ በረከተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጠጉሩ የበዛ በግ ቆዳው ልል ነው፤ በጠጉሩ ሥርና በስቡ ምክንያት ሥጋው የተጠቀጠቀ አይደለም። ጠጉሩ አጭርና እንደ ፍየል የሆነ በግ ግን ቆዳው ጥብቅ ነው፤ የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ በውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው። የአብራሪው ጃኬት የሚያሞቅ ግን በቀላሉ የሚቀደድ ልብስ ነበረ። የቢ-3 እጅጌ በፈረስ ቆዳ የተደገፈውም ስለዚህ ነው። ድጋፉ ለጌጥ የገባ አይደለም። ድጋፍ በማያስፈልገው ቦታ ላይ ድጋፍ የተሰፋበት ጃኬት ካየን፣ ሠሪው መልኩን እንጂ ምክንያቱን አልገለበጠም ማለት ነው።

፫. ቆዳውና ጠጉሩ

ከዚህ በኋላ ዕቃውን በእጃችን እንያዝ። የመጀመሪያው ምርመራ ጠጉሩ የእንስሳ ነው ወይስ የፋብሪካ ነው የሚለው ነው። ባለቤቱን አስፈቅዶ አንዲት ዘለላ መንቀልና በእሳት መለብለብ ይበቃል። የበግ ጠጉር ቀስ ብሎ እየተኮማተረ ይነድዳል፤ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲያሹት ይደቅቃል። ከፕላስቲክ የተሠራው ግን ይቀልጥና እንደ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል። ይህ ምርመራ ቀላል ቢሆንም ብዙውን የሰልባጅ ጃኬት በአንድ ጊዜ ይለያል።

ሁለተኛ፣ የጠጉሩን ርዝመት ማየት ነው። በቤት ውስጥ የለፋ የአገር በግ ሌጦ ጠጉሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንገቱና በሆዱ በኩል አንድ አይደለም። በፋብሪካ የተሠራ ግን በመኪና ስለተከረከመ እንደ ተቆረጠ ሣር እኩል ነው። ለጃኬት ይህ ተገቢ ነው፤ ጃኬቱ በፋብሪካ የተሠራ ነውና። «አያቴ በእጁ አልፍቶት» ለተባለ ለምድ ግን ተገቢ አይደለም።

ብል የበላውን ቦታ እንደ ዕድሜ ማስረጃ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። እኛም የተታለልነው በዚህ ነው። ብል በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ ሌጦ ሊበላ ይችላል፤ በደንብ የተያዘ ያረጀ ለምድ ደግሞ ብል ሳይነካው ሊኖር ይችላል።

፬. አለፋፉና ጭሱ

በአገራችን ሌጦ የሚለፋው በእጅ ነው። ከሥጋው ወገን ያለው ስብ ይፋቃል፤ እንደ እንቧይ ያለ ነገርና ቅባት ይታሻል፤ ይረገጣል፤ እስኪለሰልስ ድረስ ይደከምበታል። ስለዚህ የሥጋው ወገን የፍቀት ምልክት አለበት፤ ምልክቱም እኩል አይደለም። አንዱ ቦታ ሳስቶ፣ ሌላው ወፍሮ ይገኛል። ይህን በዐይን ማየት ባይቻል እንኳ ዐይንን ጨፍኖ በሁለት ጣት መካከል ይዞ በመዳሰስ ይታወቃል። አጎቴም ያደረጉት ይህንኑ ነበረ።

የፋብሪካ ቆዳ ብዙ ጊዜ በክሮም ጨው የለፋ ነው። ይህ ዘዴ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን በዓለም የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ቀለም ካልዘለቀው በስተቀር፣ ተቆርጦ ጎኑ ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ መልክ አለው። እንግዲህ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተሠራ የተባለ ለምድ በተቀደደበት ጎኑ ይህን መልክ ካሳየ፣ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ስለ ጭሱ ደግሞ እንዲህ ነው። ምድጃ በሚነድበት ቤት ውስጥ በግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት የተሰቀለ ለምድ ጭሱ እስከ ጠጉሩ ሥር ዘልቆ ይገባል፤ ወደ ግድግዳው የዞረው ወገንና ወደ ቤቱ የዞረው ወገንም አይተካከሉም። ሽታው ለስላሳ ነው፤ ካላሸተቱት አይታወቅም። አንድ ሌሊት በእሳት ላይ የዋለ ግን ገና ከሩቅ ይሸታል። ነጭ ጥጥ በውሃ አርጥበን ቀስ ብለን ብንጠርገው ጥላሸቱ በብዛት ይለቃል፤ ሥሩም ገልጠው ሲያዩት ነጭ ነው። የእኛ ለምድ ሥሩ ነጭ ነበረ።

የጃኬቱም ቀለም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። የቢ-3 ቡናማ ቀለም ከላይ የተቀባ ስለሆነ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል፤ ከሥሩም የገረጣው ቆዳ ይወጣል። ቅጂ ሠሪው ይህን ስለሚያውቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ ያስመስለዋል። ነገር ግን በዕድሜ የተሰነጠቀ ቀለም ስንጥቁ የቆዳውን መታጠፊያ ይከተላል፤ የተፈገፈገ ግን የፈጋዩን እጅ ይከተላል።

፭. ስፌቱ

ክር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ከሻጩ ይልቅ እውነት ይናገራል። ናይሎን ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ስለዚህ ዋናው ስፌቱ በናይሎን ክር የሆነ ለምድ ከዚያ ዘመን በፊት ሊሠራ አይችልም። በእሳት ጫፉን ቢነኩት እንደ ፕላስቲክ ጠጉር ይቀልጣል። የጃኬቱም ዋና ስፌት እንደዚሁ ነው፤ የጦርነቱ ጊዜ ጃኬት የተሰፋው በጥጥ ክር ነው።

ነገር ግን ዋናውን ስፌትና የጥገናውን ስፌት መለየት ያስፈልጋል። የሠራ ልብስ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ልብስ ይጠገናል፤ ጠጋኙም በዘመኑ በእጁ ያለውን ክር ይጠቀማል። በጠፍር የተሰፋ ለምድ አንድ ቦታ ላይ በናይሎን ቢጠገን ሐሰተኛ ነው አያሰኘውም፤ እንዲያውም ሰው ሲያገለግልበት ኖሯል ያሰኘዋል። የሚያጠራጥረው ብዙ ዘመን አገልግሏል እየተባለ አንድም ጥገና ያላየ ልብስ ነው። ደግሞም የመኪና ስፌት ብቻውን የአዲስነት ማስረጃ አይሆንም፤ የልብስ ስፌት መኪና ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

የጃኬቱ ዚፕም እንደዚሁ ይናገራል። በመጎተቻው ላይ «ዋይ-ኬ-ኬ» የሚል ያለበት ጃኬት የጃፓን ኩባንያ ዚፕ የተገጠመለት ነው። አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ ለአብራሪዋ የጃፓን ዚፕ ልትገዛ አትችልም። ወይም ዚፑ በኋላ ተለውጧል፣ ወይም ጃኬቱ አዲስ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በዚፑ ዙሪያ የቀድሞ ስፌት ቀዳዳ መኖሩን ማየት ነው።

ከስፌት ጋር የቁራጮቹም ብዛት ይታያል። የኧርቪን ጃኬት በመጀመሪያ ከትልልቅ ቁራጮች ይሠራ ነበረ። ጦርነቱ ሲረዝም ቆዳ ለመቆጠብ ሲባል ከትንንሽ ቁራጮች ይቀጣጠል ጀመር፤ ስለዚህ የኋለኛው ብዙ ስፌት አለው። የመጀመሪያውን ዘመን ምልክት የያዘ፣ የኋለኛውን ዘመን ስፌት የተሰፋ ጃኬት እርስ በርሱ የሚጣላ ምስክር ነው።

፮. ያረጀበት ቦታ

አሁን ወደ አጎቴ ቃል እንመለስ። ልብስ የሚያረጀው በሠራበት በኩል ነው። ለምድ በአንገት ላይ ይታሰራል፤ ስለዚህ ማሰሪያው ያለበት ቦታ ተስቦ ይረዝማል፣ ከሰው ላብም ይጠቁራል። ዱላ ወይም ጠመንጃ የሚያዝበት ትከሻ ከሌላው ይልቅ ይላጫል፤ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ትከሻው ይሸከማልና ሁለቱ ትከሻዎች እኩል አያረጁም። የኋላው ጫፍ ሲቀመጡበት ይፈጋል፣ ጠጉሩም ይጠቀለላል። በብብት በኩል ግን ጠጉሩ ይድናል። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ደግሞ ሌሊት ስለሚተኛበት መካከሉ ተጨፍልቆ ጠጉሩ አንድ ላይ ይያያዛል።

የአብራሪው ጃኬት በእጅጌው ጫፍ፣ በክርኑና በኪሱ አፍ ያረጃል። በትከሻውና በደረቱ ላይ የፓራሹቱ ማሰሪያ ያለፈበት መስመር ሊታይ ይችላል። ውስጡን ገልብጠን ብናይ በአንገትና በወገብ በኩል ጠጉሩ ተጣብቆ፣ በሌላው ቦታ ግን ቆሞ እናገኘዋለን። ቆዳውም ደርቆአል፤ ያልተጠገነ ክንድ ያለው እውነተኛ ጃኬት ብርቅ ነው። «የጦርነቱ ጊዜ ነው» የተባለ ጃኬት እንደ አዲስ ጓንት ከለሰለሰ፣ በዚያ ላይ ዝናብና ብስክሌት ከቻለ፣ ደስ ይበለን፤ ጥሩ ጃኬት ነው፤ የጦርነቱ ጊዜ ግን አይደለም።

አስመሳዩ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። እርሱ እርጅናን እንደ ቀለም ይቀባዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ቦታ ላይ ይደርሳል። ሕይወት ግን እንዲህ አትሠራም፤ የነካችው ቦታ አለ፣ የዘለለችው ቦታ አለ።

ለጥርጥር መፍትሔ የሚሆን የሳይንስ ምርመራም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ገደማ ጀምሮ በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራ ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በዝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ብዙ ዓመታት የኖረ እንስሳም ሆነ ተክል ይህ ምልክት አለበት። አንድ በግ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ የኖረ መሆኑን በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ መለየት ይቻላል። ይህ ግን ላቦራቶሪና ገንዘብ ስለሚጠይቅ ለሙዚየም እንጂ ለገበያተኛ አይሆንም። ለእኛ ዐይን፣ አፍንጫና ጣት ይበቁናል።

፯. ምስክሩ

ዕቃው ራሱ ከተመረመረ በኋላ ታሪኩ ይመረመራል። ጃኬት በአንገቱ ውስጥ የተሰፋ ጨርቅ አለው፤ በቢ-3 ላይ የጃኬቱ ዓይነት፣ የውሉ ቁጥርና የሠሪው ኩባንያ ስም ተጽፎበታል። የእንግሊዙም የአየር ሚኒስቴር ምልክት አለው። ነገር ግን ጨርቅ ማተም ቆዳ ከመሥራት ይቀላል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እንደ አንድ ምስክር ይሰማ እንጂ እንደ ዳኛ አይሰማ። ስፌቱ፣ ዚፑና እርጅናው ከጽሑፉ ጋር ከተስማሙ እሰየው፤ ካልተስማሙ ጽሑፉ ነው የሚወድቀው።

የለምድ ጽሑፍ የሰው አፍ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች የዘረፉት ዕቃ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ከገዢዎቹም አንዱ ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ። ዝርፊያው የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በዚያ ጊዜ ማን ምን እንደ ወሰደ በከፊል ተጽፎ ስለቀረ፣ ዛሬ በለንደን ያለ ዕቃ የመቅደላ መሆኑን መከራከር ይቻላል። እነዚያው ወታደሮች ወደ መቅደላ ሲሄዱ ያለፉት በዋግ ሹም ጎበዜ ግዛት በኩል ነው፤ እርሳቸውም ጥቂት ቆይተው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። እንግዲህ አንድ ነጋዴ «ይህ የዋግ ሹም ጎበዜ ለምድ ነው» ቢለን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከእርሳቸው እጅ እስከ አንተ እጅ በማን በማን በኩል አለፈ? ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ከተቆረጠ ስሙ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ዛሬ ጨዋታ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ትቶ ወጥቶአል። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ የግድግዳውን ለምድ አያወርድም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይታየኛል። በአንድ በኩል፣ እውነተኛ የአያት ዕቃ ይዞ የቀረው ሰው የዕቃውን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ስላረፉ ወይም ስለተበተኑ በርካሽ ይሸጠዋል። በሌላ በኩል «ከጦርነቱ የተረፈ» የሚለው ወሬ ለሐሰተኛው ዕቃ ዋጋ መጨመሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱ ያረጀ ዕቃ ያለው ተማሪ ሁሉ በዕረፍቱ ጊዜ አባቱንና አያቱን ጠይቆ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደለበሰው፣ መቼ እንደተጠገነ በአንድ ገጽ ወረቀት ቢጽፍ ከብዙ የባህል ምሽት ይበልጣል።

፰. መምሰልና ማስመሰል

በመጨረሻ ወደ ፍርዱ እንምጣ። ቅጂ ሁሉ ሐሰት ነውን? አይደለም። በቋንቋችን መምሰል አንድ ነገር ነው፣ ማስመሰል ሌላ ነው። ልጅ አባቱን ይመስላል፤ ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ያለው ልጁ የአባቱን ዕድሜ ዕድሜዬ ነው ባለ ጊዜ ነው። በእንግሊዝና በጃፓን የጦርነቱን ጊዜ ጃኬት ክር በክር የሚገለብጡ ሠሪዎች አሉ፤ ነገር ግን የራሳቸውን ስም ይለጥፉበታል፣ አዲስ መሆኑን ይናገራሉ፣ በዚሁም ይከበራሉ፤ ገዢውም አዲስ መሆኑን እያወቀ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል።

የእኛ አገር ሠሪ ለምን እንዲህ አያደርግም? ይህን ጥያቄ ያነሡብኝ አጎቴ ናቸው። ለምዱን ከመለሱልኝ በኋላ፣

«ሥራው ግን ጥሩ ነው» አሉኝ። «የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው። አዲስ ነው ብሎ ቢሸጥላችሁ ምን ነበረበት?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን ለመናገር አፈርሁ። አዲስ ነው ቢለን አንገዛውም ነበር። ከአንድ ቆዳ ፋቂ ዘንድ ሄደን አዲስ ለምድ አዝዘን ተገቢውን ዋጋ መክፈል በአሳባችን አልመጣም። እጁን ንቀን ዕድሜውን አከበርን። እርሱም ወይም ሻጩ የምንፈልገውን ሸጠልን።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል። ዛሬ «ፋቂ» ብሎ የሚሳደብ የተማረ ሰው ጥቂት ይሆናል፤ ነገር ግን ስድቡ ቀርቶ ንቀቱ በገበያው ውስጥ አለ። ያረጀ ከሆነ ቅርስ እንለዋለን፤ ትናንት ከተሠራ ግን የፋቂ ዕቃ ነው። የዛሬውን ሠሪ ስሙን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛው ከሆንን፣ ሐሰቱን ከእርሱ ጋር እንካፈላለን።

ማጠቃለያ

አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እነዚህን ጥያቄዎች ይያዝ። ይህ ልብስ ለማን፣ ለምን ሥራ ተሠራ? ከየት አገር ነው፣ አገሩስ እንዲህ ያለ ልብስ ያስፈልገዋል? ጠጉሩ በእሳት ምን ይሆናል? ሥሩ ከላዩ ጋር ይስማማል? ዋናው ስፌት የትኛው ነው፣ ጥገናውስ? ያረጀው በሠራበት በኩል ነው ወይስ በሁሉም በኩል? በማን በማን እጅ አለፈ? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይፈርድም፤ ብዙዎቹ በአንድነት ሲመሰክሩ ግን እምብዛም አይሳሳቱም። ከሁሉ በኋላ ደግሞ አንድ ጥያቄ ለራስ ይቀርባል፤ አዲስ መሆኑን ቢነግረኝ ኖሮ እገዛው ነበር?

ለምዱን አልጣልነውም። ዘንድሮም ለባህል ምሽት እንለብሰዋለን። በውስጡ በኩል ግን የጨርቅ ምልክት ሰፍተን የተገዛበትን ዓመተ ምሕረትና «አዲስ ሥራ» የሚል ጻፍንበት። የሠሪውን ስም ስለማናውቀው ቦታውን ባዶ ተውነው።